ጸድቋል ያልኩበት ቀን

ሰመራ ዳር ባለው ችግኝ ጣቢያ ስሠራ ይኸው ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ሥራዬ የተተከለውን እየዞርኩ ማየት፣ ስንቱ እንደያዘና ስንቱ እንደደረቀ መጻፍ ነው። ቅጹ ላይ «የጽድቀት መጠን» የሚል ዓምድ አለ። አለቃዬ አቶ ጥጋቡ ከወንበሩ ሳይነሳ «ዘጠና በመቶ በይውና ተገላገይ፤ በዚህ ሐሩር ማን ወጥቶ ያየዋል?» ይለኛል። እኔ ደግሞ አዲስ ቅጠል በዐይኔ ካላየሁ አንዷንም ችግኝ ጸድቃለች ብዬ አልጽፍም። በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ ተጣልተናል። አሁን መጣላቱም ሰልችቶኛል፤ ጥላዬን ይዤ እወጣለሁ፣ አይቼ እመለሳለሁ፣ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ይሄ ግትርነት ከየት እንደመጣብኝ አቶ ጥጋቡ አያውቅም። ያንን ቃል በሰባት ዓመቴ አንድ ጊዜ ያለ ቦታው ተናግሬዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ስንቅነሽ ከአዋሽ ደወለችልኝ። ዱሮ ሰመራ ጎረቤታችን ነበረች፤ አሁን ተዛውራ አዋሽ ትሠራለች።

«ኑርዬ፣ አንድ ቀን ፈልጊና ነይልኝ» አለች። «ኩኩ የምትባል ልጅ አለች፣ ቢሮ አብራኝ የምትሠራ። የሃያ ቀን ሕፃን ሞተባት። ክርስትና ሳይነሳ። እህል አልቀምስ ብላለች። ያን ጊዜ ለኔ ያልሽኝን መጥተሽ ንገሪልኝ።»

እሺ አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ችግኞቹ መሀል ተቀመጥኩ። አሥራ ስምንት ዓመት የተሸከምኩትን ነገር አሁን ለሌላ ሴት አቀብዪ መባሌ ነው።

ያኔ ሰመራ ገና እየተሠራች ነበር። መንገዱ ሰፊ፣ ሰው ጥቂት፣ ጥላ የሚባል ነገር የለም። አባቴ ሰላሀዲን ከወሎ መጥቶ በጂቡቲ መንገድ ዳር ለሹፌሮች ምግብ ቤት ከፍቶ ነበር። ከግድግዳችን ቀጥሎ ባለው የመንግሥት ቤት እትዬ ስንቅነሽና ባሏ ጋሽ ጉልላት ይኖራሉ። እሷ ቢሮ መዝገብ ቤት ትሠራለች፣ እሱ አስተማሪ ነው። ልጅ የላቸውም። እናቴ ሐቢባና እትዬ ስንቅነሽ ሥጋቸውን ለየብቻ ቢበሉም ሌላው ነገራቸው ሁሉ አንድ ነበር፤ በግቢዎቻችን መካከል ያለችው የቆርቆሮ በር ተዘግታ አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን አህመዲን የሚባለው የአባቴ ደንበኛ፣ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጆንያ ይዞ መጣ። የእትዬ ስንቅነሽ ወንድም ከሒርና ልኮት፣ አህመዲን አዋሽ ላይ ተቀብሎ ነው ያደረሰው።

«በየኬላው ውሃ አጠጥቼዋለሁ» አለ። «ከኔ በላይ የጠጣ እሱ ነው።»

ጆንያው ሲፈታ ከውስጡ የወጣው ነገር የሞተ አይጥ መሰለኝና ጮህኩ። ጥቁር ነው፣ ጸጉራም ነው፣ ቅጠል የለው፣ አፈር የለው። እትዬ ስንቅነሽ ሳቀች። አራት ነበሩ፤ ከነሱ ሌላ አንድ እፍኝ የቄጠማ ሥር።

«ይሄ የምንጭ ዳር ቅጠል ነው» አለችኝ። ዛሬ አበባ ሻጮች ፈርን የሚሉት መሆኑን አውቃለሁ። «አገሬ ውሃው ከሚንጠባጠብበት ድንጋይ ሥር ነው የሚበቅለው። አንዴ ከያዘ በየዓመቱ ራሱ ይመጣል።»

«አፈሩስ የታለ?»

«አፈር ከያዘ መንገድ ላይ ይበሰብሳል። ሥር ታጥቦ ራቁቱን ነው የሚሄደው። አፈሩን የሚያገኘው ሲደርስ ነው።»

ሥሮቹን ጥላ ውስጥ ባልዲ ውሃ ላይ ዘፍዝፋ አዋለቻቸው። ከዚያ የበሰበሰውን ጫፍ በምላጭ እየቆረጠች ጣለች፣ ለእያንዳንዱ የተቀደደ ባልዲ ውስጥ አፈሩን እንደ ጉብታ ከመረች፣ ሥሩን በጉብታው ላይ እንደ ጃንጥላ ዘረጋችው። «አናቱን እንዳትቀብሪው» አለችኝ። «አናቱ አየር ይፈልጋል። ሥሩ ደግሞ ፀሐይ እንዳያየው።» ከላይ ሰሌን ጥላ አደረገችበት።

የሰመራ ውሃ ጨው አለው፤ እንዲህ ያለውን ሥር ያቃጥላል። ስለዚህ እትዬ ስንቅነሽ ቢሮዋ መስኮት ሥር ጀሪካን አስቀምጣ ከኤሲው የሚንጠባጠበውን ውሃ ታጠራቅማለች፣ ማታ ከሥራ ስትወጣ ተሸክማ ትመጣለች። ሰፈሩ ሁሉ ይስቅባት ነበር። አባቴ ስትገባ ሲያያት «ስንቅነሽ፣ ዛሬስ ኤሲዋ ስንት ታለበች?» ይላታል። «ዛሬ ነጥፋለች» ትለዋለች እሷም። በችግኝ ጣቢያ ስድስት ዓመት ስሠራ ከዚያ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም።

እኔ ትዕግሥት አልነበረኝም። በነጋ ቁጥር ይዞ እንደሆነ ለማየት ጣቴን አፈሩ ውስጥ ልሰድ ስል እጄን ትመታኛለች።

«ነቅለው እያዩት ሥር አይዝም!» ትላለች። «ተይው። እመኚውና ተይው።»

«መያዙን በምን እናውቃለን ታዲያ?»

«አዲስ ቅጠል ሲያወጣ። ያኔ ጸደቀ ይባላል። ካልሆነ ሳይጸድቅ ቀረ ይባላል።»

ቃሉን የሰማሁት ያኔ ነው። እኛ ቤት ስለሞተ ሰው ሲወራ ጀነት ነው የሚባለው። ጸደቀ ማለት ለኔ ቅጠል አወጣ ማለት ነበር፣ ሌላ ትርጉም አልነበረውም።

አንድ ወር ሳይሞላ ከአራቱ ሥሮች ሦስቱ ደረቁ። ከደረቁ በኋላ ነው እናቴና እትዬ ስንቅነሽ ደጃፍ ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ ያወሩትን የሰማሁት።

«እስካሁን ይዟል አይደል?» አለች እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ይዟል። ስሙን አትጥሪው ሐቢባ።»

«አልጠራም ወላሂ። አላህ ያጽናልሽ ብቻ።»

«ሦስቱም እኮ እንዲሁ እንደያዙ ቆይተው ነው ሳይጸድቁ የቀሩት። ሾተላይ ነው ይሉኛል።»

ስንቅነሽ ከሄደች በኋላ «ሾተላይ ምንድን ነው?» ብዬ እናቴን ጠየቅኳት። ደነገጠች። «ሥር የሚበላ ነገር ነው! የሰው ወሬ አታዳምጪ!» አለችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሾተላይን መጠበቅ ጀመርኩ። ትል መስሎኝ ነበር። ከትምህርት ቤት እንደመጣሁ በአራተኛው ባልዲ ዙሪያ አመድ እነሰንሳለሁ፣ ጉንዳን ካየሁ እጨፈልቃለሁ፣ በእንጨት ቆፍሬ እፈልገዋለሁ። እትዬ ስንቅነሽ አንድ ቀን መጥታ «ምን ትሠሪያለሽ?» ስትለኝ «ሾተላይ እንዳይበላብሽ እየጠበቅሁ ነው» አልኳት። ከዚያ ጭንቅላቴን አቅፋ ሆዷ ላይ ለጠፈችኝ፤ ሆዷ ጠጣር ነበር፣ አንድ ነገር ጉንጬን ገፋ አደረገኝ። ምግብ እየተፈጨ መሰለኝ።

አሁን ሐኪሞች የእናትና የልጅ ደም አለመስማማት ነው ይሉታል፤ በጊዜው የሚሰጥ መርፌ አለው። ያኔ ለእሷ የነገራት አልነበረም። ሦስት ጊዜ ጨንግፎባት ወይም ሞቶባት፣ አራተኛውን ሰፊ ቀሚስ ለብሳ፣ ስሙን ሳትጠራ፣ ስለ ሥር እያወራች ተሸከመችው።

ከዚያ ጠፋች። «ዱብቲ ሄዳለች» አሉኝ፤ ሆስፒታሉ እዚያ እንደሆነ አላወቅሁም። ከመሄዷ በፊት የኤሲ ውሃ የሞላባቸው ሁለት ጀሪካኖች ትታልኝ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት አንድ ጣሳ አጠጣለሁ። እናቴ በየቀኑ በሚኒባስ ሾርባ ይዛላት ትሄዳለች፣ ስትመለስ ከአባቴ ጋር ትንሾካሾካለች።

«ቢጫ ሆኗል» ስትለው ሰማኋት አንድ ቀን። «ዐይኑ ሳይቀር ቢጫ ነው፣ ሰላሀዲን።»

ዐይን ማለት ከሥሩ አናት ላይ ያለችው እብጠት መሆኗን አውቃለሁ፤ ስንቅነሽ አሳይታኛለች። እየሮጥኩ ሄጄ ባልዲውን አየሁት። ቢጫ አይደለም። ጥቁር ነው፣ እንደነበረው ነው። እናቴ አይታ የማታውቀውን ነገር ለምን እንደምታወራ ገርሞኝ ተመለስኩ።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን የጎረቤት በር ተከፈተ። ጋሽ ጉልላት ካርቶን በብብቱ፣ አካፋ በእጁ ይዞ ሲወጣ አየሁት። ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው። አህመዲን ሌላ ሥር አምጥቶለት ሊተክል መሰለኝና ደስ አለኝ። «ጋሼ፣ በፀሐይ አይተከልም! ማታ ነው!» ብዬ ጮህኩለት። ዞር ብሎ አየኝ፣ ካርቶኑን በብብቱ አጥብቆ መንገዱን ቀጠለ።

ይህንን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴን የምደብቅበት ቦታ አጣለሁ።

እኔም ወደ ባልዲዬ ሄድኩ። ሌሎች ሥሮች ከመጡ ይሄኛውን ትጥለዋለች ብዬ ፈራሁ። እንዳልነካ የተነገረኝን ረስቼ አፈሩን በሁለት እጄ ጫርኩት። ከጥቁሩ አናት ጎን እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የተጠቀለለች፣ ጸጉር የለበሰች፣ ጫፏ አረንጓዴ የሆነ ነገር አየሁ። ጣቴን አስጠጋሁና አልነካሁትም።

ልናገር ወደ ቤታቸው ስሮጥ ግቢው ውስጥ የኛ ምግብ ቤት ወንበሮች ተደርድረዋል፣ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። የሚያለቅስ ግን የለም። ለእንዲህ ያለው ልጅ ድንኳን አይጣልም፣ ፍትሐት የለም፣ ድምፅ አውጥቶ አይለቀስም። እትዬ ስንቅነሽ እቤት ውስጥ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀምጣለች፤ ከመሄዷ በፊት ከነበረችው ግማሿ ብቻ ቀርታለች። እናቴ አጠገቧ ናት። «በኛ ዘንድ ሕፃን ጥያቄ የለበትም፤ ጀነት በር ላይ ቆሞ እናቱን ይጠብቃል» ትላታለች።

«እሱ የናንተ ነው ሐቢባ» አለች ስንቅነሽ። ግድግዳውን ነበር የምታየው። «የኔ ልጅ ለአርባ ቀን ክርስትናው ሠላሳ አንድ ቀን ቀርቶት ነው። ሳይጠመቅ። ሳይጸድቅ ቀረ።»

እኔ ከዚያ ሁሉ ንግግር የሰማሁት የመጨረሻዋን ነው። ተናደድኩ። ያጠጣሁት እኔ፣ የጠበቅሁት እኔ፣ ሳታይ ሳይጸድቅ ቀረ ትላለች። በሴቶቹ መሀል ሰንጥቄ ገባሁ።

«ጸድቋል!» አልኩ። «እትዬ ስንቅነሽ፣ አትዘኚ! ጸድቋል! በዐይኔ አየሁት!»

አንድ ብርጭቆ የሆነ ቦታ ሲቀመጥ ሰማሁ። ከማዕዘኑ እማማ አለሚቱ የሚባሉ አሮጊት ተነሡና አማተቡ። «የሕፃን አፍ ነው» አሉ። «የሙስሊም ልጅ ናት እኮ። ይሄንን ቃል ማን አስተማራት?»

እትዬ ስንቅነሽ እኔን አየችኝ፣ እጄን አየች። ከዚያ እስከዚያች ደቂቃ ያልወጣላት ልቅሶ ወጣ። ጎትታ አቀፈችኝ፤ ሴቶቹም ሁሉ አለቀሱ። ለአንድ ቅጠል ይህን ያህል መደሰታቸው ገረመኝ። ኩራት ተሰማኝ። ግን አንዳቸውም ተነሥተው ባልዲውን ሊያዩት አልሄዱም፣ ያ ብቻ ቅር አለኝ።

በሳምንቱ ስንቅነሽ ባልዲውን «ነፋስ እንዳይመታው» ብላ ጓዳ አስገባችው። ከወር በላይ አላሳየችኝም። ሲወጣ ሦስት የተፈቱ ቅጠሎች ነበሩት። ስሙን «የጸደቀው» አለችው። በየዓመቱ እየከፈለች ሥሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ በሹፌሮች ትልካለች፤ ጭፍራ ደርሷል፣ ዲቾቶ አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ አይቼዋለሁ። ሌላ ልጅ ግን አልወለደችም።

ስድስተኛ ክፍል ስደርስ የአማርኛ አስተማሪያችን ሰሌዳ ላይ «ጽድቁ ቀርቶብኝ በወጉ በኮነነኝ» ብሎ ጻፈና ተርጉሙ አለን። ጓደኞቼ ሲሳሳቁ አንዱ ልጅ ጽድቅ ማለት ገነት መግባት ነው ብሎ መለሰ። ካርቶኑ ታየኝ። አካፋው ታየኝ። ሆዷ ላይ ጉንጬን የገፋኝ ነገር ምን እንደነበረ ያን ዕለት፣ ደብተሬ ላይ ዐይኔን ተክዬ፣ ገባኝ።

ልነግራት ስንት ጊዜ ሞከርኩ። በየበዓሉ ትደውላለች፣ «ያንቺ አፍ ነው ያኖረኝ» ትለኛለች፣ እኔም ነገ እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ቃሉን ካልኩ አሥራ ስምንት ዓመት ሞላኝ።

ማክሰኞ በጠዋት ተነሥቼ አዋሽ ገባሁ። እትዬ ስንቅነሽ ጓሮዋ ውስጥ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ለኩኩ የምትሰጠውን ሥር እየከፈለች ነበር። አርጅታለች፤ ጉልበቷ ያማታል። ከመስኮቱ ሥር ጀሪካኑ አለ፣ ኤሲው ጠብ ጠብ ይላል። እጅጌዬን ሰብስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና አፈሩን ከሥሩ ማጠብ ጀመርኩ። ሰላምታችን አለቀ። አሁን ካልነገርኳት መቼም አልነግራትም።

«እትዬ፣ ያን ቀን ያልኩት ስለ ልጁ አልነበረም» አልኩ። «ልጅ መወለዱንም አላውቅም ነበር። ስለ ሥሩ ነው። አታለልኩሽ።»

እጇ አልቆመም። «አውቃለሁ» አለች።

«መቼ አወቅሽ?»

«እጅሽ እስከ ክርንሽ ጭቃ ነበር እኮ። በሦስተኛው ቀን ሰው ቀለል ሲል ወጥቼ አየሁት። ቅጠሉ ወጥቶ ነበር፣ አልዋሸሽም። ግን አፈሩን ጭረሽ ሥሩን ፀሐይ አሳይተሽዋል። በሳምንቱ ደረቀ።»

ነገሩ አልገባኝም። «ምኑ?»

«ያ ሥር። አልጸደቀም፣ ኑርዬ። ባልዲውን ጓዳ ያስገባሁት ለምን ይመስልሻል? አህመዲን ከወንድሜ ሌላ እስኪያመጣልኝ ነው። ይሄ ሁሉ የሁለተኛው ዘር ነው።»

የታጠበው ሥር እጄ ውስጥ ነበር። ስድስት ዓመት በሙሉ ሳላይ አልጽፍም እያልኩ ከሰው ስጣላ፣ በዐይኔ ያየሁት የመጀመሪያው ደርቆ ኖሯል። የደረቀውም በኔ እጅ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኩ። ድምፄ ያኔ የነበረኝ የልጅ ድምፅ ሆነ።

«የሰባት ዓመት ልጅ ምን ልበልሽ? ጭሬ ገደልሁት ብለሽ እንድታድሪ?» ምላጩን አስቀመጠችና ጉልበቷን ይዛ ቀና አለች። «ለኔም አልሆነኝም። ቄሱን ጠየቅሁ፣ አንገታቸውን ደፉ። እናቴን ጠየቅሁ፣ አለቀሰች። ጉልላት እስኪሞት ድረስ የቀበረበትን ቦታ አላሳየኝም። ጸድቋል ያለኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። ስለ ምን እንዳልሽው አውቄ ተቀበልኩሽ። ደግሞ ነቅዬ ልየው?»

አለቀስኩ፣ ትከሻዋ ላይ። ሁለታችንም ደክሞን ነበር፤ እኔ እሷን ላለመጉዳት፣ እሷ እኔን ላለመጉዳት ይህን ሁሉ ዓመት ተጠባብቀናል።

የግቢው በር ተንኳኳ። ኩኩ ገባች። ሃያ አምስት ዓመት አይሞላትም፤ ጥቁር ሻርፕ ተከናንባለች፣ ቀሚሷ ደረቷ ላይ በወተት ርሷል፣ ማበሱን እንኳ ትታዋለች። ፈንጠር ብላ ቆመች።

«ያቺ ልጅ እሷ ናት?» አለች።

«እሷ ናት» አለች እትዬ ስንቅነሽ፣ ወደኔም አላየችም።

ኩኩ አጠገቤ መጥታ ቁጢጥ አለች። «የኔ… ስሙን እንኳ አላወጣንለትም» አለችኝ። እጄን ታየዋለች፤ እስከ ክርኔ ጭቃ ነው።

ያላየሁትን አልጽፍም። ያላየሁትን አልናገርም። ልጇን አላየሁትም፣ የት እንደተቀበረ አላውቅም፣ የሷን ሃይማኖት ቃል የማዘዝ ሥልጣን የለኝም። ስንቅነሽ ምላጯን አንሥታ ሥሩን መቁረጥ ቀጠለች።

«ጸድቋል» አልኳት።

ኩኩ እጄን ከነጭቃው ያዘችው። አልለቀቀችኝም፤ እትዬ ስንቅነሽ ሥሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ እስክትጨርስ ድረስ እንደዚያው ተቀመጥን።